ድንኳን ያልተተከለለት ኀዘን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አባባል የማያውቅ ሰው በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ልጃችንን ሲያተኩሰው፣ ጥርሳችንን ሲያመን ወይም ጨጓራችን ሲነሣብን ይህንኑ እየጠቀስን ወደ ጤና ጣቢያ እንገሠግሣለን። ሕመሙ የልብ ሲሆን ግን አባባሉ ይረሳና «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ሌላው ይተካል። ለመሆኑ ሆድ ሁሉን ነገር ይፈጃልን? አይፈጅም። አንዳንዱን ይዞት ይቆይና በቤት ውስጥ ዝምታ፣ በሥራ ቦታ መፍዘዝ፣ በሌሊት እንቅልፍ ማጣት አድርጎ መልሶ ያወጣዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለእናቶችና ለሠራተኛ እኅቶቼ ላካፍል የፈለግሁት በራሴ ቤት የደረሰውን ነው። ይህንን የማደርገውም ለልብ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ሁሉ ባለሙያ እንዳለው ለማስረዳት፣ እንዲሁም አንዲት ሴት ራሷን ስታክም ከትዳር ጓደኛዋና ከልጇ ጋር የላላውን መተሳሰር መልሳ ልታጠብቅ እንደምትችል ለማሳየት ነው።

ሽማግሌ የሚፈታውና የማይፈታው

በአገራችን የተጨነቀ ሰው የሚሄድበት አያጣም። ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ይገባል። የንስሐ አባት ይመክራል። ቡና ይፈላና ጎረቤት ተጠርቶ የሆድ የሆድ ይወጋል። ሞት ሲመጣ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ዘመድ በፍራሽ ዙሪያውን ይተኛል። እነዚህ ልማዶች ስንቱን ቤት ከመፍረስ እንዳዳኑ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ሕጉም ቢሆን ሽምግልናን አልናቀውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ቢሰጥም፣ ዳኛው ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲስማሙ ሊያግባባቸው፣ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው እንደሚችል ደንግጓል።

ይሁን እንጂ ሽማግሌ የሚዳኘው ጠብን ነው። ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን በደለ?» የሚል ነው። በዳዩ ከታወቀ ካሣው ይታወቃል፤ ጉልበት ተስሞ፣ ተመራርቆ ይወጣል። ታዲያ በዳይና ተበዳይ በሌለበት ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ቢራራቁ ሽማግሌው ምን ይፍረድ? የእኛ ቤት ችግር ይህ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የሆነው

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ወር ላይ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ሁለተኛውን ልጅ ባለቤቴም እኔም ለብዙ ጊዜ ስንመኘው የቆየነው ነበር። አንድ ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ ሕፃኑ ከጧት ጀምሮ አለመንቀሳቀሱን ልብ አልኩ። ሌሊቱን ሐኪም ቤት ሄድን። የልብ ትርታው ሊሰማ አልቻለም። በማግሥቱ ወለድኩት፤ ወንድ ነበር። ፊቱን ለአፍታ ያህል አየሁት፤ ወዲያውኑ ተጠቅልሎ ተወሰደ። ባለቤቴና ወንድሙ ቀበሩት። እኔ ገና አልጋ ላይ ነበርኩ።

ቤት ስገባ ገንፎም አልተገነፋ፣ ድንኳንም አልተተከለ። ስም ስላልወጣለት በስሙ የሚያለቅስ አልነበረም። ጎረቤቶቼ በየተራ እየመጡ «እንኳን አንቺን አተረፈልን»፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ። ሁሉም በቅን ልቡና የተናገሩት ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ጡቴ ወተት አግቶ ቀሚሴን ሲያርሰው፣ ለሟች የሚደረገውም ሆነ ለአራስ የሚደረገው ወግ እኔን እንደማይመለከተኝ ተሰማኝ። በብዙ ቤት እንዲህ ነው። ከእናቱ ማኅፀን ወጥቶ ላላለቀሰ ልጅ የሚለቀስበት ሥርዓት አልተበጀም። በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በሚያወጡት ግምት መሠረት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ። 2 ሚሊዮን እናቶች ማለት ነው።

ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንዱን ደረሰኝ ሦስት ጊዜ አንብቤው ቁጥሩ አይገባኝም። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። ወጥ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ባለቤቴ በባሕርዩ ጨዋታ ወዳድ ነው፤ በዚያን ሰሞን ግን አምሽቶ መግባት፣ ሲገባም እራቱን በልቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ማፍጠጥ ጀመረ። የምንነጋገረው ስለ ዘይት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ሆነ። ልጃችን ደግሞ እጅግ ጨዋ ሆነች። አታስቸግርም፣ አትጠይቅም፣ ሳትታዘዝ ዕቃ ታጥባለች። ጎረቤት «ምን ዓይነት የታነጸች ልጅ ናት!» ሲል እሰማለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ምንም የማትጠይቅበት ቤት ጤነኛ ቤት አይደለም።

አማቴ ነገሩ አሳሰባቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ላኩ። አባቶች መጥተው በወግ ተቀመጡ። «ምን በደለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ምንም አልበደለኝም። «ምን በደለችህ?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም እንደዚያው መለሰ። ግራ ተጋብተው፣ መርቀውን ወጡ። ጠበልም ሄጃለሁ፤ እዚያ ያገኘሁትን መጽናናት አልክድም። ነገር ግን እንቅልፌም፣ በእኔና በባለቤቴ መካከል የነበረው ነገርም አልተመለሰም።

ዘጠኝ ጥያቄዎች

በኀምሌ ወር ራሴን እያመመኝ ወደ ሠፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የምርመራ ካርዴን የያዘችው ነርስ የደም ግፊቴን ከለካች በኋላ ስለ ራስ ምታቴ ብዙም አልጠየቀችኝም። «ላለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል? ሐሳብዎን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ይችላሉ? መኖሬ ምን ያደርጋል ብለው ያውቃሉ?» እያለች ዘጠኝ ጥያቄዎች አከታትላ ጠየቀችኝ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ቁጥር ጻፈች። ቁጥሮቹን ደምራ «እመቤቴ፣ ይህ ድብርት የሚባለው ሕመም ሳይሆን አይቀርም፤ የሚታከም ነው» አለችኝና ወደ አንድ ሆስፒታል የሥነ ልቡና ክፍል የምሄድበትን ወረቀት ሰጠችኝ።

ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ምክንያቱን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሠርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ በመኖሩ፣ ስሙ በሰው አፍ መቀለጃ ሆኗል። ልጆች ሲሰዳደቡ እንኳ «አማኑኤል ግባ» ይባባላሉ። ሐኪም ቤቱ ስንቱን አክሞ ለቤተሰቡ እንደመለሰ የሚያወሳው ግን ጥቂት ነው። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ባልደረባዬ ወረቀቱን አይታ «አንቺ ደግሞ! እብድ ሐኪም ቤት ምን ልትሠሪ?» ስትል ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች። የክፍል ኃላፊዬ ግን የቀጠሮ ወረቀቱን ተቀብለው «የጥርስ ሐኪም ቢሆን ትሄጂ የለም እንዴ?» ብለው ፈረሙልኝ። ይህች አንዲት ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አትጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው የሚማረው ወደ ውጭ አገር ሄዶ ስለነበር ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር ነበር። እናቶቻችን «ሆድ ይፍጀው» ቢሉ የሚያዳምጣቸው ባለሙያ ስላልነበረ ነው። እኛ ግን ያ ምክንያት የለንም። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ የአእምሮ ጤና ነርሶች ያሏቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

በዚያች ክፍል ውስጥ

ያየሁት ከሰማሁት በጣም የተለየ ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለቱንም የሚያስታርቅ የመስኮት ብርሃን። ባለሙያዋ የእኔ እኩያ የሆነች ሴት ናት። በመጀመሪያ አሠራሯን አስረዳችኝ። በሳምንት አንድ ቀን ለ50 ደቂቃ ያህል እንገናኛለን፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ይበቃል። የምነግራት ሁሉ ከእሷ ጋር ይቀራል፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚወድቅ ሲሆን ብቻ ለሌላ ሰው ትናገራለች። «እኔ ዳኛም ሽማግሌም አይደለሁም። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አልፈልግም። የምንፈልገው የት እንዳመመዎትና ከማን ጋር እንዳራራቀዎት ነው» አለችኝ።

ከዚያም «ልጅዎ ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

በአራት ወር ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጸጉሩ ብዙ እንደነበር፣ አገጩ የባለቤቴን እንደሚመስል ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ፣ አፌን ሞልቶ የወጣው ቃል ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሃምሳው ደቂቃ ሲያልቅ ደክሞኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ «የት ነው ያረፈው?» ስትል ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። የወለድኩት ልጅ የተቀበረበትን አላውቅም። ማን ያውቃል ስትለኝ ባለቤቴ እንደሚያውቅ ነገርኳት። የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ ይኸውም በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ እሱን መጠየቅ ነበር።

ይህ የሕክምና ዘዴ እሷ የፈጠረችው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን የተባሉ ባለሙያዎችና ባልደረቦቻቸው የቀየሱት፣ በሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ነው። መነሻ ሐሳቡ ድብርት ብዙውን ጊዜ በአራት በሮች ይገባል የሚል ነው። አንደኛው ኀዘን፣ ሁለተኛው ከቅርብ ሰው ጋር አለመግባባት፣ ሦስተኛው የኑሮ መለወጥ፣ አራተኛው ብቸኝነት ነው። ባለሙያው በሽተኛው በየትኛው በር እንደገባበት ይለይና በዚያው በር ተመልሶ እንዲወጣ ይረዳዋል። የእኔ በር ኀዘን ነበር፤ ኀዘኑ ደግሞ ሁለተኛውንና አራተኛውን በር ከፍቶ ነበር።

«ይህ ለፈረንጅ እንጂ ለእኛ አይሆንም» የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት ይኸው ዘዴ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ የገጠር መንደሮች ውስጥ ተሞክሯል። ሰዎቹ በቡድን ሆነው በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 16 ሳምንት ተሰብስበዋል። ቡድኖቹን የመሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። በቡድኑ የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ ከድብርታቸው እጅግ ተሽሏቸዋል። በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አያቶችን አሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቁ ሰዎች ጋር እየተቀመጡ እንዲያነጋግሩ አድርገዋል። የዚያ አገር ሰዎች ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደላት» እንል የለም? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጥናት ውጤት እንዳረጋገጠው የአያቶቹ ሥራ ፍሬ ሰጥቷል። የሰው ልብ እዚያም እዚህም አንድ ነው።

የጠፋው ጋቢ

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። አንድ ቀን ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ባለቤቴን «ልጃችን የት ነው ያረፈው?» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም መናገር ጀመረ። እናቱ ለሠርጋችን የሰጡንን ጋቢ ያን ዕለት ከቤት ይዞት እንደሄደ፣ ሕፃኑን በሆስፒታሉ ጨርቅ ለመቅበር ልቡ እምቢ ስላለው በዚያ ጋቢ እንደጠቀለለው፣ ከአንድ ዛፍ ሥር እንደቀበረውና ምልክት እንዲሆን ሁለት ድንጋይ እንዳቆመ ነገረኝ። «እንዳታስታውሳት፣ እንዳትረበሽ ብለው መከሩኝ። አንቺን እንዳልገድልሽ ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። ጋቢው ከቤት እንደጠፋ አውቅ ነበር፤ የሄደበትን ግን ከዚያች ሌሊት በፊት አላወቅሁም።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አለቀስን። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ባለቤቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ አብረን ሄድን፤ ዛፉን አሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አብሮኝ ወደ ባለሙያዋ መጥቷል። መጀመሪያ ላይ «ወንድ ልጅ ተቀምጦ ሆዱን ይዘረግፋል እንዴ?» ብሎ ነበር። ባለሙያዋ አላስገደደችውም፤ አንድ ቀላል ሥራ ብቻ አሠራችን። አንደኛችን ለአምስት ደቂቃ እንናገራለን፤ ሌላኛችን አናቋርጥም፣ አንመልስም፤ ሲያበቃ የሰማነውን በራሳችን ቃል ደግመን «እንዲህ ማለትህ ነው? እንዲህ ማለትሽ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ስትሞክሩት ግን የትዳር ጓደኛችሁ ገና ሳይጨርስ መልስ ስታዘጋጁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ልጃችንን ምን እንደምንላት ያማከርነውም ባለሙያዋን ነው። «እውነቱን፣ በአጭሩ፣ በምትገባት ቃል ንገሯት፤ ልጆች ካልተነገራቸው የራሳቸውን ታሪክ ይሠራሉ» አለችን። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስቀምጠን ነገርናት። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ «እማዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው?» አለች። ለካ እርጉዝ ሳለሁ አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር ስትጫወት «እኔ ወንድም አልፈልግም» ብላ ኖሯል። ይህንን በልቧ ይዛ ነበር ያን ሁሉ ወራት ዕቃ ስታጥብ የከረመችው። በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያሰቡትና የተናገሩት ነገር ሞትን የሚያመጣ ሊመስላቸው እንደሚችል ባለሙያዋ ነግራናለች። አባቷ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ምክንያቱ እሷ እንዳልሆነች ደጋግሞ ነገራት። በሳምንቱ ዕቃ አላጥብም ብላ አኮረፈች። እንደዚያ ቀን ኩርፊያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ሆነ ብዬ አላታልላችሁም። ሌላ ልጅ አልወለድኩም። መጋቢት ሲገባ ዛሬም ልቤ ይከብደዋል። ልዩነቱ መጋቢት ሲገባ ባለቤቴ ቀድሞኝ «እሑድ እንሄዳለን?» ማለቱ ነው።

ምን እናድርግ?

ከራሴ ኑሮና ከባለሙያዎች የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ኀዘን በራሱ በሽታ አይደለም፤ ማልቀስም ድካም አይደለም። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ልባችን ከጨለመ፣ ደስ ይለን የነበረው ሁሉ ከተጠላን፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራችንን መሥራት ካቃተን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድና እንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ከ100 ሴቶች መካከል 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና መታወክ፣ በተለይም ድብርት ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ አራስ ቤት ስንገባ ገንፎውን ብቻ ሳይሆን የአራሷን ፊት እንይ። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ያለባት ሴት ደግሞ ለነገ ሳትባል በዚያው ዕለት፣ ከሰው ጋር ሆና ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

ሁለተኛ፤ የንግግር ሕክምና ወሬ አይደለም። ቀጠሮ አለው፣ የቤት ሥራ አለው፣ ማብቂያም አለው። ሐኪሙ መድኃኒትም ካዘዘ በታዘዘው መሠረት መውሰድ ነው፤ ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ጉዳት አለው። ባለሙያው የሥራ ፈቃድ ያለው መሆኑንም መጠየቅ መብታችን ነው።

ሦስተኛ፤ የትዳር ጓደኛ አልሄድም ቢል እንኳ አንደኛው ብቻውን ሊጀምር ይችላል። እኔ ሦስት ጊዜ ብቻዬን ባልሄድ ኖሮ ያቺ የማታ ጥያቄ አትጠየቅም ነበር። ነገር ግን ዱላ ባለበት ቤት ውስጥ ነገሩ ይለያል። የምትደበደብ ሴት ከደብዳቢዋ ጋር ተቀምጣ ሆዷን ትዘርግፍ ማለት ለበለጠ ዱላ መዳረግ ነው። ለእሷ የሚቀድመው የራሷና የልጆቿ ደኅንነት፣ ከዚያም ሕግ ነው።

አራተኛ፤ መቀራረብ የሚመለሰው በትልቅ ድግስ አይደለም። እኛ ቤት ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት ቴሌቪዥንም ስልክም ይዘጋል። በዚያ ሩብ ሰዓት ስለ ዘይትና ስለ ኪራይ ማውራት ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ የምንለው ጠፍቶን ተፋጠን ነበር፤ አሁን ሩብ ሰዓቱ አይበቃንም።

አምስተኛ፤ ለጎረቤትና ለዘመድ የምለው አለኝ። ልጅ ለሞተባት እናት «ሌላ ይሰጥሻል» ከማለት ይልቅ «ስለ እሱ ንገሪኝ» በሏት። አባቱንም ጠይቁት። ድንጋዩን ያቆመው እሱ ነውና።

ባለፈው ዓመት በእድራችን የሴቶች ስብሰባ ላይ ይህንኑ አንሥቼ ነበር። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ አንዲት ባልቴት ተነሥተው ከአርባ ዓመት በፊት ሞቶ ስለተወለደባቸው ልጅ ተናገሩ፤ ለማንም ተናግረውት እንደማያውቁ ገለጹ። ከእሳቸው በኋላ አራት ሴቶች ተናገሩ። በዚያው ዕለት አንድ ውሳኔ አሳለፍን። በእድራችን ውስጥ አንዲት እናት በማኅፀኗ ያለ ልጅ ቢሞትባት ድንኳን ባይተከልም ሦስት ሴቶች ለሦስት ቀን አብረዋት ይቀመጣሉ፤ ቡና ያፈላሉ፤ ስለ ልጁ ይጠይቋታል። ሦስቱ ቀን አልፎም እንቅልፍ ካልወሰዳት እጇን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዷታል። ለዚህ ከመዋጮው የወጣ ገንዘብ የለም። እናንተም በየእድራችሁ፣ በየማኅበራችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ተነጋገሩበት።